የመሬት ሳይንስ መምህሯና የላይኛው ረድፍ ቤቶች

በመምህራን ክፍላችን ውስጥ መስኮቱ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር ማስቀመጥ አይቻልም ነበር፤ ድንጋይ ሞልቶታል። ጠረጴዛው የመሬት ሳይንስ መምህሯ ነው። ተማሪዎች «ቲቸር አለት» ይሏታል፤ እኛም ከእነሱ ወስደን እንደዚያው እንጠራታለን። ቁመቷ አጠር ያለ፣ እርምጃዋ ፈጠን ያለ፣ ቦርሳዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚጎትታት ሴት ናት። አንድ ቀን የስፖርት መምህሩ ሊረዳት ብሎ ቦርሳዋን ሲያነሳ ወገቡን ያዘ።

«ምንድነው ተሸክመሽ የምትዞሪው? ወፍጮ ነው?» አላት።

«አንተን በሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብለህ አስቀምጠው» አለችው።

እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጠረጴዛዬ ከእሷ ጎን ስለነበር ብዙውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ትምህርቷን ከመጽሐፍ አትጀምርም። መጀመሪያ ድንጋይ ታስጨብጣለች። ቀልጦ የቀዘቀዘውን፣ ከደለል የተነባበረውን፣ በሙቀትና በጫና ብዛት መልኩን የለወጠውን በየተራ ታዞርና «ምን ደርሶበት ይመስላችኋል?» ትላለች፤ ስለ ሰው የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። የመሬት መንሸራተት ምዕራፍ ሲደርስ ግን ከቤቷ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ ትመጣለች። ሳፋው ውስጥ ሰሌዳ አጋድማ ታስቀምጥና በላዩ ነጭ ሸክላ፣ በሸክላው ላይ ቀይ አፈር ትደለድላለች፤ ከዚያ የክብሪት ቀፎዎችን እንደ ቤት ትደረድራለች። በጣሳ ውሃ ቀስ እያለች ታፈሳለች። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ተማሪው ይሰለቻል፣ ከኋላ ያለው ማውራት ይጀምራል። እሷ ማፍሰሷን አታቋርጥም። በመሀል ቀይ አፈሩ የክብሪት ቀፎዎቹን እንደያዘ ባንድነት ሸርተት ይላል።

«አያችሁ? አፈሩ የወረደው ከላይ ስለከበደው ብቻ አይደለም» ትላለች። «ከስር ያለው ሸክላ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሳሙና ስለሆነ ነው። የያዘው ለቀቀው።»

«ስንት ጣሳ ሲፈስ ነው የሚወርደው ቲቸር?» ይላታል አንዱ።

«በየዓመቱ እሞክረዋለሁ። በየዓመቱ ይለያያል።»

ትምህርት ቤታችን ከኮረብታ ስር ነው። ኮረብታው ላይ ቤቶች በረድፍ በረድፍ ተሠርተዋል። ቲቸር አለትና አናጢ ባሏ የሚኖሩት ወደ ጎን፣ አለቱ ከአፈር በወጣበት ትከሻ ላይ ነበር። እዚያ ጉድጓድ መቆፈር መከራ ነው፤ ባሏ ለአጥር ቋሚ አንድ ቀዳዳ ሲቆፍር ቀኑ ይመሽበታል። ላይኛው ረድፍ ያሉት ግን አፈራቸው ቅቤ ነው። አካፋው ሰተት ይላል፤ ጓሯቸው ያበቅላል። «ድንጋይ ላይ ቤት የሠራ የድንጋይ አስተማሪ ያገባ ብቻ ነው» እያሉ በአናጢው ይስቁ ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

በላይኛው ረድፍ የአናጢው ታላቅ እህት ትኖር ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን ይዛ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ቲቸር አለት «እታለም» ነው የምትላት። ሁለቱ እንደ እህትማማች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች፣ ቲቸር አለት የተማሪ ፈተና እያረመች ቀኑን አብረው ያሳልፋሉ። አሮጊቷ ከልጆቿ ይልቅ የምራቷን ቃል ትሰማለች። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን እንኳ የምትውጠው ምራቷ «እማማ፣ ይጠቅምሻል» ስትላት ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በበር ነው። ዝናቡ በበረታበት በአንዱ ዓመት የልብስ ሰፊዋ በር አልዘጋ አለ። አናጢው መላጊያውን ይዞ ወጣና ጠርዙን ላግ ላግ አድርጎ ተመለሰ። «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» አለ። በማግስቱ ጎረቤቷ ባለሱቁ ጠራው፤ የእሱም በር አልዘጋ ብሏል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ቤት።

«ዘንድሮስ ሥራ ደራልኝ» አለ ማታ ለሚስቱ።

ቲቸር አለት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከታች ነው ወይስ ከላይ ነው የሚይዘው?»

«አንድ ጥጉ ላይ ነው። መቃኑ ተዛብቷል።»

በማግስቱ ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ወደ ላይ ሄደች። ከቤቶቹ ጀርባ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ መሬቱን ግማሽ ጨረቃ አስመስሎ ቀዶታል። የመብራት ምሰሶዎቹ ወደ ሸለቆው አዘንብለዋል። ከረድፉ በታች ያለችው ምንጭ፣ ጠጠሯ እስኪቆጠር ጥርት ያለች የነበረችው፣ ወተት መስላለች። በጣቷ ነክታ አሸችው። ነጩ ሸክላ ነው። ውሃው ከስር ገብቶ የአፈሩንና የአለቱን መጋጠሚያ እያጠበው እንደሆነ ገባት። ኮረብታው ቆሞ አልነበረም፤ እየሄደ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይባል የለ፣ መሬትም እንደዚያው ነው።

ለሰፈሩ ሊቀመንበር ነገረችው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ጠንቃቃ ነው። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰው ሰበሰበላት። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሳፋዋን ይዛ መጥታ እንደ ተማሪ አሳየቻቸው። ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ተነሣ።

«መቼ ነው የሚወርደው?»

«ሊወርድ የሚችለው—»

«ይችላል በሚል ቃል ሰው ከቤቱ አላስወጣም፤ መምህርት ነሽና ታውቂያለሽ። ይወርዳል ወይስ አይወርድም?»

ቲቸር አለት የላይኛው ረድፍ ነዋሪዎች የተቀመጡበትን አግዳሚ አየች። እውነቱን ብትናገር «አላውቅም» ነው። አላውቅም ካለች ደግሞ ማንም አይነቃነቅም።

«ከዚህ ዝናብ አያልፍም» አለች።

የሠራችው ስሕተት ይቺ አንዲት ቃል ናት። ብዙ ጊዜ «ምን ማለት ነበረብኝ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

ሳይቃጠል በቅጠል ተባለና ላይኛው ረድፍ ለቆ ወረደ። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ገባ፤ የሌለው በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለለት። አናጢው ቤት ያለቀው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፣ የሁለተኛው ግድግዳ ገና አልቆመም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊዋና ልጇ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ድንኳን ገቡ። አሮጊቷ ግን ከአልጋዬ አልነሣም አለች። ልብስ ሰፊዋ ለመነቻት፣ አናጢው ለመናት፣ እምቢ። በመጨረሻ ምራቷ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ለጥቂት ቀን ነው።»

«አንቺ ካልሽ ልጄ» አለችና እጇን ሰጠቻት።

ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ወደ ድንኳኑ አወረዷት።

ዝናቡ አላባራም። ድንኳኖቹ ከስር ውሃ ያስገቡ ነበር፤ ፍራሹ ቀን ቢሰጣ ማታ ይረጥባል። ልጆች ያስላሉ። አሮጊቷ መጀመሪያ በረደኝ አለች፤ ከዚያ ማሳል ጀመረች፤ ከዚያ ማውራት ተወች። ክሊኒክ ወሰዷት። ዝናቡ ሳያባራ ክሊኒኩ ውስጥ ሞተች።

ኮረብታው እንዳለ ነበር።

ሰማዩ ሲጠራ ሰው ዕቃውን እየሸከፈ ወደ ላይ ተመለሰ። ብዙዎቹ ቤታቸው ተሰብሮ ጠበቃቸው፤ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሬዲዮ፣ ሌቦች ያገኙትን ሁሉ ወስደውባቸዋል። በሮቹ እንደገና መዝጋት ጀመሩ፤ መሬቱ ደርቆ ቆሞ ነበርና። ልብስ ሰፊዋ እናቷን ከቀበረች በኋላ ቲቸር አለት ልታጽናናት ስትቀርብ ከፊቷ ዞር አለች። ከዚያ መልሳ ዞራ በዝግታ ነገረቻት።

«እናቴን ከሞቀ አልጋዋ አውጥተሽ ጭቃ ላይ ጣልሽብኝ። ያመነችሽ አንቺን ነበር።»

አናጢው መሀላቸው ቆሞ ነበር። ወዲያም ወዲህም አላለም። እቤት ሲደርሱ ምሳ አልበላም፤ ማታም አልበላም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሰፈሩ «ቲቸር አለት» ማለቱን ትቶ «ነቢይቷ» ይላት ጀመር። ገበያ ስትወጣ ሰማይ ሰማይ እያዩ «ዛሬ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ይሏታል። በዚያ ዓመት ሳፋውን ወደ ክፍል አላመጣችም፤ ምዕራፉን ከመጽሐፉ አንብባ አለፈችው። ስንጥቁን ላይኛው ረድፍ ያሉት ቆሻሻ ሞሉበት፤ በላዩ አፈር ደልድለው ዱባ ተከሉበት። ዱባው ደግሞ እጅግ አማረ።

እንዲህ ሆኖ የሁለት ዓመት ዝናብ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ቤት አትመጣም፤ ልጅቷ ብቻ ትመጣ ነበር። ትምህርት ቤት ቲቸር አለት ታስተምራታለች፤ እቤትም መጥታ «ቲቸር» ነው የምትላት። አጎቷ «እዚህስ ደወል አልተደወለም» ይላታል።

ሦስተኛው ዝናብ ረጅም ነበር። አንድ ቀን አናጢው እቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ሱሪው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበረበት።

«የት ነበርክ?» አለችው።

«ላይኛው ረድፍ።»

«በር ነው?»

ፍቅፋቂውን ከሱሪው ላይ አራገፈ።

«ስንት ቤት?»

«አትጠይቂኝ» አለ። «እኔ እናቴን አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ። ደግመሽ ሰው ሰብስበሽ ደግመሽ እንዲያዋርዱሽ አልፈልግም። ተይ።»

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ገና አፏን ሳትከፍት ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሆኖ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «ነቢይቷ መጣች፤ ድንኳን አዘጋጁ» አለ። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ የመጣሁት የነዋሪነት መታወቂያ ለማሳደስ ነው አለችና አሳድሳ ወጣች። መታወቂያዋ ጊዜው አላለፈም ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወጣች። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ደጇን ረግጣ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና መኪናውን አቆመች። «ቁጭ በይ» አለቻት።

«እታለም፣ ለጥቂት ቀን እኛ ጋ ብትመጡ ብዬ ነበር። አሁን ሁለተኛው ክፍል አልቋል።»

«ለምን?»

«እንዲሁ። ናፍቃችሁኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«መዋሸት አትችዪም፤ ድሮም አትችዪም ነበር» አለች። «በሬ ስላልዘጋ ነው የመጣሽው።»

ቲቸር አለት ጉልበቷን አየች።

«ይወርዳል?»

«አላውቅም እታለም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር።»

«ይሄን ያኔ ብትዪኝ ኖሮ...» አለችና ተወችው። ዩኒፎርሙን አጣጥፋ ጎን ላይ አኖረችው። «ልጄን ውሰጃት። የአጎቷ ቤት ነው፣ ማንም ምንም አይልም። እኔ ግን ከእናቴ አልጋ ወርጄ የሰው መሳቂያ አልሆንም። ደግሞ ትምህርት ገና መከፈቱ ነው፤ ይሄ ሁሉ ልብስ ተቆልሎብኛል። ስጨርስ እመጣለሁ።»

ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ ከቲቸር ጋር ወረደች። ቲቸር አለት በመንገዷ ላይ የባለሱቁን ቤት አልፋለች፤ ሚስቱ ደጅ ላይ ሕፃን አዝላ ሰላም ብላታለች። የሌሎቹንም ቤት አልፋለች። አንዱንም አላንኳኳችም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ዝናቡ አቆመ። ፀሐይ ወጣች። ጠዋት በየአጥሩ ልብስ ተሰጣ፤ ከትምህርት ቤታችን መስኮት ኮረብታው ቀለም የፈሰሰበት መስሎ ይታያል። ሁላችንም እፎይ አልን። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ፣ ከላይ የዘነበው ስር እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታል።

መምህራን ክፍል ውስጥ ነበርን። ጠጠር የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። መኪና ቢሆን ቶሎ ያቆማል፤ ይሄ አላቆመም። በመስኮት ሳይ ዛፎቹ ሳይወድቁ፣ ቆመው፣ ወደ ታች እየሄዱ ነበር። ከዛፎቹ ጋር ጣሪያዎች። ከዚያ አቧራና ጭቃው ሁሉንም ሸፈነው። ቲቸር አለት ከክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇ ላይ ጠመኔ ነበር። አልጮኸችም። ልጅቷ ከዴስኳ ተነሥታ ስትሮጥ ብቻ ወገቧን አቅፋ ያዘቻት፤ ልጅቷ ነከሰቻት፣ ቧጨረቻት፤ እሷ ግን አልለቀቀቻትም።

መላው ላይኛው ረድፍና ከስሩ ካለው ረድፍ ግማሹ ሄደ። ሰው በአካፋ፣ በሳህን፣ በእጁ ቆፈረ። አናጢው መጀመሪያ የእህቱን የስፌት መኪና አገኘ፤ እሷን አላገኘም። በኋላ ከታች፣ ምንጯ በነበረችበት አጠገብ፣ በተሰጣ ልብስ ተጠቅልላ አገኟት። ደጅ ነበረች ማለት ነው። የባለሱቁ ሚስትና ሕፃኑ ከቤታቸው ሳይወጡ ነው የተገኙት። ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ወርዶ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብሩ በኋላ ባለሥልጣን መጣ፣ ባለሙያ መጣ፣ ካሜራ የያዘም መጣ። ባለሙያዎቹ መሬቱን ቆፍረው አይተው የተናገሩት ስለ ነጩ ሸክላና ስለ አለቱ ማዘንበል ነበር፤ ያዳመጠ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን። ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ሰው ቲቸር አለትን ፈልጎ እጇን ጨበጣት።

«እርስዎ አስቀድመው ተናግረው ነበር አሉ። ሰሚ በማጣትዎ አዝናለሁ።»

«ሰምተውኛል» አለችው። ሰውየው አልገባውም።

ባለሱቁ መምህራን ክፍል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎቻችን እንውጣ ብለን ስንነሣ እጁን አንሥቶ አስቀመጠን። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ልጅቷን ወስደሻታል» አለ። «በኔ ደጅ ነው ይዘሻት ያለፍሽው። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልነገርኩህም» አለች።

«ብትነግሪኝም አልወጣም ነበር። አውቀዋለሁ። ስቄ ነበር የምሸኝሽ። ግን ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጠላው ራሴን ነበር። አሁን ግን አንቺን ነው።»

ይህን ብሎ ወጣ። እሷ ተቀምጣ ቀረች። የክፍለ ጊዜው ደወል ሲደወል ተነሥታ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ብሆን መሄድ እችል ነበር ብዬ አላስብም።

አናጢውና ሚስቱ ልጅቷን አሳደጓት። ከእናቷ ሞት በኋላ ብዙ ጊዜ አትናገርም ነበር። አንድ ቀን ግን እራት ላይ «እናቴ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ታውቅ ነበር» አለች ቲቸር አለት።

«ታዲያ ለምን ቀረች?»

«በኔ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ስለነገርኳት።»

አናጢው ቀና አለ። «እህቴን ያስቀረኋት እኔ ነኝ» አለ። «ተይ ያልኩሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ሥራ ያዘች። ለአጎቷ ትደውላለች። «ቲቸርን ሰላም በልልኝ» ትለዋለች፤ ከቲቸር ጋር ለመነጋገር ግን ስልኩን ስጣት አትለውም።

ቲቸር አለት እስከ አሁን ታስተምራለች። ሳፋውን መልሳ ማምጣት ጀምራለች። ዝናብ ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ማዶ ወዳሉት ተዳፋቶች ትሄዳለች፤ ያም አፈር ለአካፋ የሚመች፣ ጓሮው የሚያበቅል ነው። ቤት ለቤት ታንኳኳለች፤ አንድ ቤት አትዘልም። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ለእያንዳንዱ የምትለው አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ፤ ሊወርድ ይችላል፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ብትወጡም ሳይወርድ ሊቀርና ልትጎዱ ትችላላችሁ። አንዱ በሩን ዘጋባት። አንዷ «ታዲያ ምን ልትነግሪን መጣሽ?» አለቻት። ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ግን አስገብተው አስቀመጡን፤ ብዙ ጠየቋት። እስካሁን እንደሰማሁት ከእነሱ በቀር የለቀቀ የለም። እነሱም ታች ሜዳው ላይ የተከራዩአት ክፍል ጠባብና ውድ ሆናባቸው ሚስትየዋ ቲቸርን መንገድ ላይ ስታይ ቅር እንዳላት ያስታውቃል።

ያኛው ተዳፋት እስከ ዛሬ አልወረደም። አብሬያት በሄድኩበት ቀን ተመልሰን ስንወርድ ጉልበቷን ይዛ ቆመችና ትንሽ አረፈች።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለህ?» አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት።